የሽርሽር ዕቃ በኪራይ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመጽሐፍና ከደብተር ሌላ ምን ያስፈልገዋል? ምግብና መኝታ ብላችሁ እንደምትመልሱ አያጠራጥርም። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ በዕረፍት ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወደ መስክ የሚወጣበት ዕቃም ያስፈልገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሽርሽር ዕቃ በመጠነኛ ዋጋ የሚያከራይ ክፍል በግቢው ውስጥ ሊኖረው ይገባል እላለሁ።

እስቲ በሌሞ ወረዳ የተከበበችውን ሆሳዕናን ተመልከቱ። የከተማዪቱን የቀድሞ ስም ይዞ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ ተመድበው የሚመጡ ወጣቶችን ያስተናግዳል። በአካባቢው የሚጎበኝ ሞልቷል። በከምባታ 777 ደረጃዎች የተሠሩለትና 3,058 ሜትር ከፍታ ያለው የሐምበሪቾ ተራራ አለ፤ በስተደቡብ የአጆራ ፏፏቴ፣ በሐዲያም የቦዮ ሐይቅ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ከሩቅ አገር አንድ ሻንጣ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ድስት፣ ጀበና፣ ምንጣፍና ድንኳን ከየት ያመጣል? የከተማው ልጅ ከእናቱ ጓዳ ይዋሳል። እርሱ ግን የሚዋስበት ጓዳ ስለሌለው፣ ሌሎቹ ወደ ተራራው ሲወጡ በመኝታ ክፍሉ ይቀራል።

መፍትሔው እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ለተማሪዎቻቸው ያከራያሉ። በእኛም አገር እድር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን በጋራ ገዝቶ በአንድ ስፍራ ያኖራል፤ ኀዘን ሲደርስ ለአባሉ ይሰጣል፤ አባል ላልሆነ ሰው የሚያከራይም አለ። ዕቃ የሰበረ ወይም ያጠፋ ይተካል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

«ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ለትምህርት እንጂ ለሽርሽር አይደለም» የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሕይወት እስከ መጥፋት መድረሱን አንዘንጋ። ሽርሽር ብቻውን ግጭትን ያስቀራል ማለቴ አይደለም። ሆኖም አንዱን ድስት ተጋግዘው ተሸክመው፣ አንዱን ተራራ አብረው የወጡ ወጣቶች ከተራ ወሬ ይልቅ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት መንገድ ያገኛሉ።

«ዕቃው ወዲያው ይጠፋል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ጠባቂ የሌለው ዕቃ ይጠፋል። ኪራይ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዕቃው በነጻ ቢታደል፣ የተቀደደው ድንኳን የሚሰፋበት ገንዘብ አይገኝም። ተማሪው ግን መታወቂያውን አስይዞ፣ በመዝገብ ፈርሞና ጥቂት ብር ከፍሎ ቢወስድ፣ ገንዘቡ ለጥገና ይውላል፤ ኃላፊነቱም በግልጽ ይታወቃል። የሚከራየው የብረት ኩባያም በየተራራው ሥር የሚጣለውን ፕላስቲክ ይቀንሳል።

እናንተስ? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቻችሁ በማታውቁት ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትሆናላችሁ። እስከዚያው ግን በትምህርት ቤታችሁ ክበብ አማካይነት አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ጀሪካንና ጥቂት ኩባያዎች አዋጥታችሁ በመዝገብ ማከራየት ትችላላችሁ። አንድ ደንብ ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፤ የወሰዳችሁትን ዕቃ አጥባችሁ በቀኑ መልሱ። ከእናንተ ቀጥሎ የሚጠብቅ አለና።