ሕጉ የማን ነው? ስለ ትንንሽ ጨዋታዎችና ስለ ጎደለው ሂስ

ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ መሐል ሜዳ ሲደርስ፣ መንገደኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በግና ገብስ፣ ባናና ብርድ በተወዳጁበት አምባ ላይ ይቆማል። በዚህ የመንዝ ምድር ሁለት ዓይነት ጨዋታዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው የእረኛው ነው። በጎቹ ሣሩን ሲግጡ እረኛው መሬቱን ቆፈር ቆፈር አድርጎ፣ ጠጠር ቢያገኝ በጠጠር፣ ቢያጣ በበጠጥ ከባልንጀራው ጋር ገበጣ ይገጥማል። ሁለተኛው የስልኩ ነው። በገበያ ቀን ወጣቶች በሞባይል ጥገና ሱቅ ደጃፍ ተሰብስበው ጌም ያስጭናሉ፤ ያስጫነውም ላላስጫነው በዘንደር ያቀብላል። ጨዋታዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ በርካሽ ስልክ ላይ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም አንዴ ከተጫኑ በኋላ ኔትወርክ አይጠይቁም። ትንሽነታቸው ግን በስልኩ ውስጥ በሚይዙት ቦታ እንጂ ከሰው በሚወስዱት ዕድሜ የሚለካ አይደለም።

ለመጀመሪያው ጨዋታ አጥኚ አልጠፋለትም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ረድፍ የገበጣ ዓይነቶች ከነሕጋቸው መዝግቧል። ለሁለተኛው ጨዋታ ግን ሐያሲ አልተወለደለትም። ተውኔት መድረክ ላይ ሲወጣ ሂስ ይጻፍለታል፤ ልብ ወለድ ሲታተም ውይይት ይካሄድበታል፤ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት ስለ ቀለሙና ስለ መስመሩ ይነገራል። ተውኔት አይቶ የማያውቅ ወጣት በየዕለቱ በጣቱ የሚነካው ጨዋታ ግን ከሁለት ነገር አንዱን ብቻ ያገኛል፤ ወይ ውግዘት፣ ወይ እልልታ። ሁለቱም ሂስ አይደሉም፤ እንዲያውም ሁለቱም ከሂስ መሸሻ ናቸው።

ውግዘቱ አዲስ አይደለም። ፊልም ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ማሳያ ቤቱ «የሰይጣን ቤት» ይባል እንደነበር የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። የሰይጣን የተባለው ጥበብ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ የታገደውም ተውኔት የአማርኛ ቴአትር ታሪክ መግቢያ ሆኗል። ይህንኑ ታሪክ በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ግን ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ፣ ከጆተኒውና ከከረንቡላው ጎን የተከፈተውን የፕሌይስቴሽን ቤት አይቶ «ትውልድ አጥፊ» ብሎ ያልፋል። ለመሆኑ ገብቶ ተጫውቷልን? አንዱን ጨዋታ ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ መርምሯልን? አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኤበርት እ.ኤ.አ. በ2010 የቪዲዮ ጨዋታ ፈጽሞ ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጽፎ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ሳይጫወት ሐሳብ መስጠቱ ስሕተት እንደነበር ራሱ በጽሑፍ አመነ። ሳያነቡ መጽሐፍ መንቀፍ ነውር ከሆነ፣ ሳይጫወቱ ጨዋታ መንቀፍም ያው ነውር ነው።

እልልታው ከውግዘቱ ይልቅ ይጎዳል፤ ወዳጅ መስሎ ይመጣልና። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ ሠርቶ አቅርቧል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የተለመደው አቀባበል «በኢትዮጵያውያን የተሠራ» ብሎ ማጨብጨብ፣ ከዚያም ዝም ማለት ነው። በኢትዮጵያውያን እጅ መሠራቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሠሪዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ደራሲው የአገር ልጅ ስለሆነ ብቻ ልብ ወለዱ ግሩም እንደማይባል ሁሉ፣ ጨዋታም በሠሪው ዜግነት አይመዘንም። ሥራውን ሳይመረምሩ ማጨብጨብ ለከያኒው የተሸፈነ ንቀት ነው።

እንግዲህ ምን ይመርመር? መልሱን ሩቅ አገር ሄዶ መፈለግ አያሻም፤ ሰምና ወርቅን ለይቶ ከሚያስተምረው ከቅኔ ቤት ይገኛል። በጨዋታ ውስጥ ሰሙ ሥዕሉ፣ ቀለሙ፣ ድምፁና የገጸ ባሕሪው ልብስ ነው። ወርቁ ሕጉ ነው። ተጫዋቹ ምን እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል? ምንስ ተከልክሏል? ማሸነፍ ማለት ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክሲ ፓጂትኖቭ በሞስኮ፣ በሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ሲሠራ የፈጠራት ቴትሪስ ይህ ነው የሚባል ሰም የላትም። ከላይ የሚወርዱ ጥቂት ቅርጾችና አንድ ሕግ አሏት፤ በደንብ የተደረደረው ይጠፋል፣ የተበላሸው ተከምሮ ተጫዋቹን ይቀብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በኖኪያ ስልክ ላይ የመጣችው እባብም እንዲሁ ናት፤ የበላ ይረዝማል፣ የረዘመ በገዛ አካሉ ይሰናከላል። ስለ ስግብግብነት ከተነገሩት ተረቶች ስንቱ በዚህ እጥረትና ጥራት ተናግሯል? እ.ኤ.አ. በ2008 ለኤክስቦክስ በኢንተርኔት የሚወርድ ትንሽ ጨዋታ ሆኖ የቀረበው ብሬይድ ደግሞ ተጫዋቹ ጊዜን ወደ ኋላ እንዲመልስ ይፈቅዳል፤ በዚህች ሕግም ስለ ጸጸት ይናገራል። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያዎቹን 14 የቪዲዮ ጨዋታዎች ወደ ስብስቡ ሲያስገባ ቴትሪስን ከመካከላቸው አድርጓታል።

በዚህ ሚዛን ኩኩሉ ትመዘን። ሰሟ ያማረ ነው። ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ ለኢትዮጵያዊ ልጅ የበዓል ዋዜማን ታስታውሳለች፤ ሳቅም ርኅራኄም ትጭራለች። ወርቋ ግን የተዋሰችው ነው። ሳያቋርጡ መሮጥ፣ መሰናክሉን ማለፍ፣ እስኪወድቁ ድረስ መቀጠል፤ ይህ ቴምፕል ረን እ.ኤ.አ. በ2011፣ የዴንማርኩ ሰብዌይ ሰርፈርስም በ2012 ዓለምን ያዳረሱበት ሕግ ነው። መዋስ ወንጀል አይደለም፤ የመድረክ ተውኔትም ቅርጹ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። «ኩኩሉ» የዶሮ ጩኸት ብቻ ሳይሆን የድብብቆሽም ጥሪ ነው። በድብብቆሽ ዓይንን የመጨፈን መተማመን፣ የመደበቅ ብልሃት፣ የመፈለግ ትዕግሥት አለ፤ በመጨረሻም ሁሉም ይገናኛል። በሩጫው ሕግ የሚገናኝ የለም፤ ዶሮዋ ብቻዋን ሮጣ ብቻዋን ትወድቃለች። ስሙ ድብብቆሽን ጠራ፤ ሕጉ ግን አቤት አላለም። ይህን ደፍሮ የሚል ሐያሲ ቢኖር ሠሪዎቹ ለጊዜው ቅር ይላቸው ይሆናል፤ የሚቀጥለው ሥራቸው ግን ይጠቀማል።

ገበጣ በአንጻሩ ከወርቁ ይነሣል፤ ሕጉ የአገር ነው። ዳሩ ግን ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የየትኛው አገር? ጠጠሩ በየት በኩል እንደሚዞር፣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ መብላት መቼ እንደሚፈቀድ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ከብዙው መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የተመረጠው ሕግ ከስልክ ወደ ስልክ ይባዛል፤ ያልተመረጠው በእረኛው ጣት ላይ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ከቀጠለ የመንዝ ልጅ አያቱን «ገበጣ እንዲህ አይደለም፤ ስልኩ ሌላ ነው የሚለው» ብሎ የሚያርምበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

የክርክሩ እምብርት ይህ ነው። በሜዳው ላይ ሁለት እረኞች ከመግጠማቸው በፊት «በምን ሕግ?» ተባብለው ይሟገታሉ። ይስማማሉ፤ ካልተስማሙም በዕድሜ የሚበልጠው ይዳኛቸዋል። ሙግቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ሕግ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ተነጋግረው የሚያጸኑት፣ ተነጋግረውም የሚያሻሽሉት መሆኑን ልጁ የሚማረው በዚያች ጉድጓድ አጠገብ ነው። ከመሐል ሜዳ ብዙ በማይርቀው የጓሳ ምድር የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈቱ የኖሩት በእንዲህ ያለ ሕግ ነበር። ስልኩ ላይ ግን ሕጉ ተቆልፎ ይመጣል። ተጫዋቹ ሊታዘዘው ወይም ሊተወው ይችላል እንጂ ሊሟገተው አይችልም። ስለዚህ ቀድሞ ሜዳው ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ ሂስ ሊሠራው ይገባል። የጨዋታ ሂስ የቅንጦት ጽሑፍ አይደለም፤ ከተጫዋቹ እጅ የወጣው ሙግት ወደ ሕዝብ የሚመለስበት አደባባይ ነው።

ሳይሟገቱ መተው የሚያስከፍለውን ዋጋ ሰንጠረዥ ያስተምራል። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው። ይህ የመክፈቻ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። ተጫዋቹ የባላጋራውን እጅ እያየ የራሱን እጅ የሚያፈጥንበት፣ ከዓለም አቀፉ ቼዝ ፈጽሞ የተለየ አስተሳሰብ ነው። ዛሬ ይህን ሕግ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሰንጠረዥን ማንም በዐዋጅ አላጠፋውም፤ የተሻለ ነው ወይስ የከፋ ብሎ የሚከራከር ሳይኖር ቦታውን ሌላ ያዘው።

ካድሬውም ጨዋታ የእኔ ጉዳይ አይደለም ሊል አይችልም፤ ሕግ ባለበት ጥቅም አለና። እ.ኤ.አ. በ2012 ለስልክ የቀረበው ካንዲ ክራሽ ለተጫዋቹ አምስት ነፍስ ይሰጠዋል፤ ሲያልቁበት አንዷ ነፍስ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ካልታገሠም ይከፍላል። እዚህ ላይ የሚሸጠው ከረሜላው ሳይሆን ትዕግሥት ማጣት ነው። «ነፃ» የሚለው ቃል ሰም፣ ክፍያው ወርቅ ሆኖ ተሠርቷል። በየከተማው የተስፋፋው የውርርድ ቤትም ራሱን ጨዋታ ይላል። ሂስ በሌለበት ገበጣው፣ ካንዲ ክራሹና ውርርዱ በአንድ አፍ ይረገማሉ፣ በአንድ እጅም ይፈቀዳሉ። አንዱን ከሌላው መለየት የሚችለው ሕጉን ገልጦ ያነበበ ብቻ ነው።

«አገር በችግር ላይ ሳለ ስለ ጨዋታ ማውራት ምንድን ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ መንዝም ችግርን በስም ብቻ የሚያውቅ አገር አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ትምህርትም ሲስተጓጎል፣ በልጆች እጅ ምን ቀረ? ቀድሞ የተጫነው ትንሽ ጨዋታና የሜዳው ጠጠር ናቸው። ሌላው አስተማሪ ሁሉ ዝም ባለበት ጊዜ የሚያስተምር ነገር፣ ምን እንደሚያስተምር ሊጠየቅ ይገባዋል። በክፉ ቀን ለልጅ የሚሰጠውን እንጀራ የሚመረምር ወላጅ፣ በክፉ ቀን የሚሰጠውን ጨዋታ አይመርምር የሚል ሕግ የለም።

የሚፈለገው ብዙ አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹን ገበጣ በየቀያቸው በምን ሕግ እንደሚጫወት ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲጽፉ፣ ከዚያም ከስልኩ ሕግ ጋር እንዲያነጻጽሩ ይዘዛቸው፤ ከአንድ ሴሚስተር የሂስ ትምህርት ያላነሰ ይማሩበታል። ከያኒው የጨዋታ ሠሪውን እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ጥበብ ባልንጀራው ይቁጠረው፤ ተውኔትም ሆነ ጨዋታ ሰውን በሕግ ውስጥ አስገብቶ ምን እንደሚያደርግ የሚያይ ጥበብ ነውና። ካድሬው ለመዝጋት ወይም ለመፍቀድ ከመነሣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ይጫወት። የኪነጥበብ መጽሔቶችም ለተውኔትና ለልብ ወለድ ከሚሰጡት ገጽ ጥቂቱን ቆርሰው ለእነዚህ ትንንሽ ሥራዎች ሂስ ይስጡ፤ የሠሪው ስም፣ የወጣበት ዓመት፣ ከሁሉም በላይ ሕጉ ተጽፎ፣ ተመዝኖ፣ ተወቅሶና ተመስግኖ ይውጣ።

ኳስ ዐዋቂዎች እንደሚሉት፣ ቡድን የሚሸነፈው አጥቂው ስለደከመ ወይም በረኛው ስለተሳሳተ ብቻ አይደለም፤ መሐል ሜዳው ባዶ ሲቀርም ነው። በጨዋታ ሠሪውና በተጫዋቹ ልጅ መካከል ያለው ሜዳ ዛሬ ባዶ ነው። ቦታው የሐያሲው ነው፤ ሐያሲው ካልያዘው ነፍስ በ30 ደቂቃ የሚሸጠው ነጋዴ ይይዘዋል።