አስተርጓሚ ጠይቁ፦ ለዋሽንግተን ዲሲ ወገኖቻችን የቀረበ ጥሪ

ዲሲ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ከከተማው መሥሪያ ቤት ጉዳይ በኖራችሁ ቁጥር አስተርጓሚ እንድትጠይቁ ልለምናችሁ ነው። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ፣ የሜዲኬድ ወረቀት ሲመጣላችሁ፣ ከልጃችሁ ትምህርት ቤት ስትጠሩ፣ የሰፈራችሁ ቆሻሻ ሳይነሳ ሲከርም ጠይቁ። እንግሊዝኛዬ ያስኬደኛል የምትሉም ብትሆኑ፣ ጉዳዩ ገንዘብን፣ ጤናን፣ ቤትን ወይም ልጅን የሚነካ ከሆነ ጠይቁ።

ይህ የችሮታ ጉዳይ አይደለም፤ ሕግ ነው። የዲሲ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004፣ በከንቲባ አንተኒ ዊሊያምስ ዘመን፣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግን አወጣ። በሕጉ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በደንብ ለማይናገር ሰው በነጻ ማስተርጎም አለባቸው፤ ይህ ለማንኛውም ቋንቋ ይሠራል። ዋና ዋና ሰነዶችን በጽሑፍ የመተርጎም ግዴታ ግን የቁጥር መስፈርት አለው፦ መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ የሚናገረው ቋንቋ መሆን አለበት። አማርኛ በከተማው ውስጥ በብዛት ከሚተረጎምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጎን ፊደላችንን በከተማው ማስታወቂያዎች ላይ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ደግሞ ሌላ አለ። ሕጉ መሥሪያ ቤቶቹን የሚያስተናግዷቸው ሰዎች ምን ምን ቋንቋ እንደሚናገሩ እንዲመዘግቡ ያዛል። የትኛው ቅጽ ይተርጎም፣ የትኛው መስኮት ላይ አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ በዚህ መዝገብ ላይ ይመሠረታል። እናንተ ልጃችሁን አስከትላችሁ ሄዳችሁ ጉዳያችሁን ስትጨርሱ፣ በዚያ ቀን መዝገብ አማርኛ ተናጋሪ አልመጣም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «የስ፣ የስ» እያላችሁ፣ ግማሹን ሰምታችሁ ግማሹን ገምታችሁ ስትወጡም እንዲሁ ነው። በአዳምስ ሞርጋን በ18ኛው መንገድ፣ ኋላም በዩ ስትሪትና በ9ኛው ዙሪያ ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ታክሲ ነድቶ፣ በሆስፒታልና በፓርኪንግ ሌሊቱን ሠርቶ ይህችን ከተማ ያገለገለ ሕዝብ በራሱ ዝምታ ከቁጥር ይወጣል። እኔን የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ሕጉን የሰጠችን ከተማ ሕጉን እንዳንጠቀምበት አልከለከለችንም።

ስለ ልጆቻችን በተለይ ልናገር። የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅ እናቱን ሐኪም ዘንድ ይዞ ሄዶ ስለ ማሕፀን ምርመራ እንዲያስተረጉም የምናደርግ ሰዎች ክፋት ኖሮብን አይደለም፤ ልጁ እንግሊዝኛውን ያውቃል፣ ቅርባችን ነው፣ እናምነዋለን። ነገር ግን ልጁ የሐኪሙን ቃል በአማርኛ አያውቀውም። በአማርኛ ቢያውቀው እንኳ ለእናቱ ሊናገረው ያፍራል፣ ወይም ይፈራል። ካንሰር የሚለውን ቃል በልጅ አፍ መስማት ለእናትም ለልጅም ከባድ ነው። በትምህርት ቤትም ያው ነው፤ መምህሩ ስለ ልጁ ጸባይ የሚናገረውን ራሱ ልጁ የሚያስተረጉምበት ስብሰባ ስብሰባ አይባልም። በልዩ ትምህርት ድጋፍ ውስጥ ያለ ልጅ ወላጅ ደግሞ በሚፈርመው እቅድ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ በዚያ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ የማግኘት መብቱ በፌዴራል ሕግም የተጠበቀ ነው። ስለዚህ የስብሰባ ቀጠሮ ሲመጣላችሁ በዚያው ቀን መልሳችሁ ደውሉ፤ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ተናገሩ፤ የተቀበላችሁን ሰው ስም ጻፉ። በሰዓቱ አስተርጓሚ ካልተገኘ አትፈርሙ፤ ሌላ ቀን ይቀጠርልኝ በሉ።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። ስልክ ከሆነ፣ የሚያናግራችሁ ሰው እንደቀረበ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» በሉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ስልኩ ጸጥ ሊል ይችላል፤ አስተርጓሚው እስኪገናኝ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳልና አትዝጉት። በአካል ከሄዳችሁም ቃሉ ያው ነው፤ ሠራተኛው በስልክ አስተርጓሚ ይደውልና በድምጽ ማጉያ ለሦስት ትነጋገራላችሁ። «ኢትዮጵያን» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ሠራተኛው የትኛውን ቋንቋ እንደሚመርጥ አያውቅም። ቋንቋችሁ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ የራሳችሁን ቋንቋ ስም ጥሩ። አማርኛ እሰማለሁ ብላችሁ በሁለተኛ ቋንቋችሁ ስለ ጤናችሁ አትነጋገሩ፤ ይህ መብት የሁላችንም ነው።

አስተርጓሚው ሲገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን መለያ ቁጥር ይናገራል፤ ጻፉት። አጠር አጠር አድርጋችሁ ተናገሩ፣ እስኪያስተረጉም ቆም በሉ። ለሠራተኛው እንጂ ለአስተርጓሚው አታውሩ፤ አስተርጓሚው ምክር ሊሰጣችሁ ወይም ሊወስንላችሁ አይደለም የመጣው። አማርኛው ካልገባችሁ፣ ወይም የተናገራችሁትን አሳጥሮ እንዳለፈው ከጠረጠራችሁ፣ ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም። ሰው ላስቸግር አይገባም የሚል ይሉኝታ እዚህ ቦታ አይሠራም። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ በስህተት የተሞላ ቅጽ ወር ሙሉ ያመላልሳችኋል።

መለማመጃ የምትፈልጉ በ311 ጀምሩ። 311 የከተማው የአገልግሎት ስልክ ነው፦ የተቦረቦረ አስፋልት፣ የጠፋ የመንገድ መብራት፣ ያልተነሳ ቆሻሻ፣ አይጥ፣ ከቤት የሚወጣ አሮጌ ሶፋ፣ ሁሉም በዚህ ይጠየቃል። ጥያቄያችሁ ሲመዘገብ መለያ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ በዚያ ቁጥር ትከታተሉታላችሁ። እሳት፣ ድንገተኛ ሕመም ወይም ወንጀል ከሆነ ግን 911 ነው፤ እዚያም ቋንቋችሁን ከተናገራችሁ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። በመጀመሪያ አድራሻችሁን ንገሯቸው፤ አስተርጓሚው እስኪመጣ መኪናው መንገድ ሊጀምር ይችላል። አረጋዊ ወላጆቻችሁን አድራሻቸውን በእንግሊዝኛ ጠርተው መናገር እስኪችሉ አስለምዷቸው።

በቤት ጉዳይ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አከራያችሁ የግል ሰው ወይም ድርጅት ከሆነ የቋንቋ ሕጉ እሱን አያስገድደውም፤ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ብቻ ሊልክ ይችላል። ቤት ልቀቁ የሚል ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሳችሁ ግን ለሰው አሳይቼ እመለስበታለሁ ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። የከተማው የተከራዮች ጉዳይ ተከራካሪ ቢሮ ለተከራይ በነጻ ምክር ይሰጣል፤ እሱ የከተማ መሥሪያ ቤት ስለሆነ በአማርኛ የመስተናገድ መብት አላችሁ። ፍርድ ቤቱም አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፣ ቀደም ብላችሁ ካስታወቃችሁ ይሻላል። ከቀጠሮ መቅረት ግን በሌላችሁበት እንዲፈረድባችሁ መንገድ ይከፍታል። የሜዲኬድ ደብዳቤም እንደዚሁ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም፤ በኮቪድ ጊዜ ቆሞ የነበረው ዓመታዊ እድሳት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ተመልሷል፤ ደብዳቤው ሳይመለስ ቢቀር መድኅኑ ይቋረጣል።

አንዳንዶቻችሁ ዘመኑን አይታችሁ ትፈሩ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈርመዋል፤ በዚያው ትእዛዝ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በሌሎች ቋንቋዎች እንዲያገለግሉ ያወጡት መመሪያ ተሽሯል። የዲሲው ሕግ ግን የከተማው ነው፤ በዚያ ትእዛዝ አልተሻረም። የዲሲን ሕግ የመሻር ሥልጣን ያለው ኮንግረስ መሆኑንም አንርሳ። ማንም የማይጠቀምበት ሕግ ቢነሳ ማን ይጮህለታል? የምንጠይቅበት ጊዜ አሁን ነው። ደግሞ የቋንቋ ሕጉ አስተርጓሚ ለማግኘት የመኖሪያ ወረቀት አሳዩ አይልም። የኢሚግሬሽን ጉዳይ በሂደት ላይ ያለው ሰው ሌላውን ከጠበቃው ጋር ይማከር።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩም ቃል አለኝ፤ የዲሲ ኪራይ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ እንደገፋን ሁላችንም እናውቃለን። የዲሲው ሕግ ድንበር አይሻገርም። ነገር ግን ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ይመለከተዋልና እዚያም ጠይቁ።

ጠይቃችሁ ብትከለከሉ፣ ወይም «ሰው ይዘህ ና» ብትባሉ፣ ተበሳጭታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከሕንጻው ሳትወጡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የመስኮቱን ቁጥርና የተባላችሁትን ቃል ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ ለከተማው የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤት በሉ፤ ይህን ሕግ እንዲያስከብር ኃላፊነት የተሰጠው እሱ ነው። አቤቱታው ጠበቃ አይፈልግም፤ በቶሎ ቢቀርብ ይመረጣል። ገንዘብ ይከፈለኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ዋናው ውጤቱ መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን እንዲያስተካክል መገደዱ ነው። ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ሽማግሌ እንዳይመለስ ታደርጋላችሁ ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ ከገንዘቡ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ የተቋቋመው የከንቲባው የአፍሪካውያን ጉዳይ ቢሮም መንገድ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለእድር ሰብሳቢዎች፦ ከሕዝብ ጋር ብዙ የሚገናኙት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው የቋንቋ ተደራሽነት አስተባባሪ መሰየም፣ ወደ ማኅበረሰቡም ወጥተው አገልግሎታቸውን ማስረዳት አለባቸው። ስለዚህ ጋብዟቸው። ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ግማሽ ሰዓት ስጧቸው። አንድ ወር የሜዲኬዱ፣ በሚቀጥለው የመንጃ ፈቃዱ፣ ከዚያ የተከራዮቹ ይምጡ። የመጣው ሰው አስተርጓሚ ይዞ ካልመጣ በጨዋነት አስታውሱት። የእድር ስብሰባ ላይ ከመዋጮው ቀጥሎ አንድ አጀንዳ ይጨመርና፣ በዚህ ወር አስተርጓሚ ጠይቆ የተከለከለ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ፤ ካለ ጸሐፊው ያስፍረው። ሕጉን ተከታትለን ካልጠየቅን ወረቀት ላይ ይቀራል።

እዚህ ተወልዳችሁ ወይም በልጅነት መጥታችሁ ያደጋችሁ ወጣቶችም አንድ ሥራ አለባችሁ። አያታችሁ «ና አስተርጉምልኝ» ስትላችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ ግን በእሷ ፋንታ አትናገሩ። አስተርጓሚ እንዲጠራላት ጠይቁላት፣ ቁጥሩን ጻፉላት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ብቻዋን እንድትችል አድርጓት። አማርኛችሁ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ማስተርጎምን ሙያ አድርጋችሁ ተማሩት፤ በሕክምናና በፍርድ ቤት ቃላት የሠለጠነ አማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገናል።

የመጨረሻው ልመናዬ ስለ ሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው፤ በአጭሩ ኤ.ኤን.ሲ. የሚባለው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ የሰፈር ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 የሚጠጋ ነዋሪ ይወክላል፣ ያለ ደሞዝ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። የምግብ ቤት የመጠጥ ፈቃድ፣ የፓርኪንግ ለውጥ፣ የአዲስ ሕንጻ ግንባታ እዚያ ይነሳል፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶችም ለኮሚሽኑ አስተያየት ከፍተኛ ክብደት እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው። ለዕጩነት የሚጠየቀው የሰፈር መራጮች ፊርማ 25 ብቻ ነው፤ ይህን የሚያህል ፊርማ ከአንድ ሕንጻ ይሰበሰባል። የምግብ ቤት ባለቤቶቻችን ፈቃዳቸው ሲነካ ብቻ ነው ብዙውን ጊዜ እዚያ የሚሄዱት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኮሚሽነሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋቸዋል። በዚህ ወር በሚደረገው የሰፈራችሁ ስብሰባ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግቡ። ከስብሰባው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ለኮሚሽነራችሁ አሳውቁ፤ ለነዋሪዎች ጥያቄ በተመደበው ሰዓት እጃችሁን አንሱና የሰፈራችሁን አንድ ጉዳይ፣ የጠፋውን መብራትም ቢሆን፣ በአማርኛ ተናገሩ።