ሐጅ ዩሱፍ የቀረው ቁልፍ፦ የጠፋ ክሪፕቶ ይመለሳል ወይ?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (አፕሪል 15/2023) ቅዳሜ ጠዋት ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር፣ ሐጅ ዩሱፍ የነበረው ወገናችን ያነሳው ልጁንና መታወቂያውን ነው። ላፕቶፕ፣ ፍላሽ፣ የቆየ ስልክ እዚያው ቀሩ። በዚያ ስልክ ላይ ቢትኮይን ወይም ዩኤስዲቲ የነበረው ሰው ዛሬም ካምፕ ውስጥ ሆኖ «ብሬ አለ ወይስ የለም?» እያለ ያስባል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በባንከክ የነበረ ብር ከጀርባው ባንክ አለው። የካቲት 2024 እ.አ.አ. በሱዳን ኔትወርክ ሲቋረጥ መተግበሪያው ዝም ቢልም፣ ሒሳቡ በስም ተመዝግቦ ነበር። በራስህ ዋሌት የያዝከው ክሪፕቶ ግን ቢሮ የለውም። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ዓለም ሁሉ በሚያየው መዝገብ ላይ ነው። የጠፋው ቁልፉ ነው። ስልኩን የዘረፈው ሰው ቁልፉን ካልከፈተ እሱም አይጠቀምበትም።

ስለዚህ ጥያቄው «ምን ቀረህ?» ነው።

12ቱ ወይም 24ቱ ቃላት ካሉህ፣ የድሮው ስልክ አያስፈልግም፤ በሌላ ስልክ ዋሌቱ ይከፈታል። ከ12ቱ አንዱ ብቻ ቢጠፋ እንኳ ቃላቱ የሚመረጡት ከ2,048 ስለሆነ ኮምፒውተር ፈልጎ ያገኘዋል።

ባካፑ በኢሜይል ወይም በፍላሽ ካለህና የተረሳው የይለፍ ቃሉ ከሆነ፣ ተስፋው ባስታወስከው ልክ ነው። ከስምህ፣ ከልደት ዓመትህ፣ ከድሮ ስልክ ቁጥርህ የምትሠራቸውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍ። ፋይሉን ሳትነካ ኮፒ አድርግና በኮፒው ሞክር። የተረሳ እያንዳንዱ ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ሙከራውን በ26 ያበዛዋል።

ባካፑም ቃላቱም ከሌሉ ግን እውነቱን መናገር ይሻላል፤ አይመለስም። ስቴፋን ቶማስ የሚባለው ፕሮግራመር 7,002 ቢትኮይን የያዘ መሣሪያ ይለፍ ቃሉን ረስቶ፣ ከተፈቀዱለት 10 ሙከራዎች 8ቱን ጨርሷል። የዌልሱ ጄምስ ሃወልስ በ2013 ቆሻሻ ላይ የተጣለበትን ሃርድ ዲስክ ለመቆፈር ያቀረበውን ክስ ፍርድ ቤት በጥር 2025 እ.አ.አ. ውድቅ አድርጎበታል። እውቀትም ጠበቃም ቁልፍን አይተኩም።

አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ «የጠፋ ክሪፕቶ እናስመልሳለን» የሚሉ ሞልተዋል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በነሐሴ 2023 እ.አ.አ. ስለነዚህ አጭበርባሪዎች አስጠንቅቋል። ቅድሚያ ክፍያ የጠየቀህ ወይም 12ቱን ቃላት ላክልኝ ያለህ ሌባ ነው፤ ቃላቱን መስጠት ገንዘቡን መስጠት ነው። በካምፕ ውስጥ በጋራ ኮምፒውተር ላይም አትጻፋቸው።

ለማንም ሳትከፍል ግን አንድ ነገር ማወቅ ትችላለህ። የድሮ የዋሌት አድራሻህ ከወዳጅህ ጋር በተጻጻፍከው ውስጥ ካለ፣ በግልጽ መዝገቡ ላይ አስገብተህ ቀሪ ሒሳቡን እይ። ባዶ ከሆነ በዚያ አድራሻ ላይ የሚፈለግ ነገር የለም። ካለ ደግሞ ማስታወስህን ቀጥል።

አገር ቤት ለመግባት የምታስቡም አንድ ነገር እወቁ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ተታለልን ብላችሁ አቤት የምትሉበት በር ጠባብ ነው።

ከጦርነት የተረፈ ሰው የቀረችውን ጥሪት ለሁለተኛ ጊዜ መዘረፍ የለበትም።