ሲያጸዱት ንቅሳቱም ጠፋ

ዛሬ ስለ አንዲት ፎቶግራፍ ላውጋችሁ። በ1989 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መተማ ውስጥ አያቴ ከሰሊጥ ነዶ አጠገብ ቆመው አጎቴ በከለር ፊልም አነሳቸው። ሌላ ፎቶ የላቸውም። እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። የታጠበው ወረቀት ጠፍቶ ኔጌቲቩ ብቻ ነው የቀረን።

ባለፈው ክረምት ኔጌቲቩን አንድ ፎቶ ቤት ወስጄ ስካን አስደረግሁት። ምስሉ ሲወጣ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ፊታቸው ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሞልቷል። ባለሙያው «ችግር የለም፣ አጸዳዋለሁ» ብሎ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገ። እውነትም ጸዳ! ደስ ብሎኝ ለእናቴ ወሰድኩላት። እሷ ግን ትንሽ አየችና «ንቅሳቷስ የታለ?» አለችኝ። እንዴ! የአንገታቸው ንቅሳት የለም። የግንባራቸው መስመርም የለም። የቀረው እንደ ግድግዳ የተለሰነ ፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ግሬይን» የምንለው ነጠብጣብ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የብር ቅንጣት ነው። በከለር ፊልም ግን ብሩ በእጥበት ጊዜ ይወገድና በቦታው ጥቃቅን የቀለም ደመናዎች ይቀራሉ። ምስሉ ራሱ የተሠራው ከነሱ ነው። ስለዚህ ግሬይንን ጨርሶ ላጥፋ ማለት ጤፉን ደፍቶ እንጀራ መጠበቅ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ የደበዘዘ አረንጓዴ ንቅሳትን ከአረንጓዴ ነጠብጣብ አይለይም። የሚለየው የሚያውቃቸው ሰው ነው።

ታዲያ ግሬይኑ ለምን እንዲህ በዛ? አንደኛ፣ ባለ 400 ፊልም ከባለ 100 ይልቅ ግሬይኑ ጎላ ይላል። ሁለተኛ፣ በቆላው ፀሐይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ሲነሳ ካሜራው በነጩ ይታለልና ፊቱ ብርሃን ያጥረዋል፤ ስካነሩ ያን ጨለማ ላብራ ሲል ነጠብጣቡን አብሮ ያጎላዋል። ሦስተኛ፣ መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በቆርቆሮ ቤት ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ፊልም ቀለሙ ይለቃል።

እኔ በመጨረሻ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የስካነሩን ማሳያ (ሻርፕኒንግ) አጥፍቼ፣ በከፍተኛ ሪዞሉሽን ደጋግሜ ስካን አድርጌ አማካዩን ወሰድኩ። ይህ የስካነሩን የራሱን ረብሻ ይቀንሳል፤ የፊልሙን ግሬይን ግን አይነካም፣ ምክንያቱም እሱ ሁሌም ያው ቦታው ላይ ነው። ከዚያ የቀለም ነጠብጣቡን በመጠኑ፣ የብርሃኑን ደግሞ በጣም በጥቂቱ ቀነስኩ። ፊትና አንገታቸውን አልነካሁም። ያልተነካውንም ፋይል ለብቻው አስቀመጥኩ። በትንሽ ወረቀት ሲታተም ግሬይኑ ብዙም አያስቸግርም። ኮምፒዩተር ላይ አጉልተን ስለምናይ ነው የምንደነግጠው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አንባቢ የጠራ ፎቶ ነው የሚፈልገው» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ዓይን የሚረብሽ ግሬይን መቀነስ አለበት። እኛ ግን ነገ ጋዜጠኞች ነን። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ በኩል የገባ ሰው አንድ የአባቱን ፎቶ ብቻ ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። አሳምራለሁ ብለን ጠባሳውን ብናጠፋበት ምን ብለን እንመልስለታለን? የቃለ መጠይቅን ቃል እንደማንለውጥ ሁሉ የፊትንም ምልክት አንለውጥ።

አሁን እናቴ ግሬይን ያለባትን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላታለች። ንቅሳቱ በስሱ ይታያል። የጸዳችው መሳቢያ ውስጥ ናት።