የጌም ላይብረሪ ያልሆነውን ሆነ ማለት የለበትም

የኮምፒዩተር ጌም የሚሠራ ፕሮግራመር መስኮት መክፈትንም ሆነ የጌምፓድ ቁልፎችን ማንበብን ከባዶ አይጀምርም። ሥራውን እንደ ኤስዲኤል እና ጂኤልኤፍደብሊው ላሉ ክፍት ምንጭ ላይብረሪዎች ይተወዋል። ሳም ላንቲንጋ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ኤስዲኤልም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጣው ጂኤልኤፍደብሊው የሚሰጡት ተስፋ ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ኮድ በዊንዶውስ፣ በማክኦኤስ እና በሊኑክስ ላይ እንዲሠራ ማድረግ። ስርዓተ ክወናዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ ጉድለት በተገኘ ቁጥር የላይብረሪው ጠባቂዎች ከአንድ ምርጫ ፊት ይቆማሉ፤ ልዩነቱ ይሸፈን ወይስ ይነገር? መሸፈኑ ቀላል ነው፤ መንገሩ ግን ብዙ ጊዜ ትክክለኛው እርማት ነው።

ለዚህ የመስኮት አያያዝ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በሊኑክስ ላይ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ኤክስ11 አንድ ፕሮግራም መስኮቱ በስክሪኑ ላይ የት እንዳለ እንዲያውቅና እንዲያንቀሳቅሰው ይፈቅዳል። በተተኪው በዌይላንድ ግን የተራ መስኮትን ቦታ የሚወስነው ማሳያውን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው፤ ፕሮግራሙ የራሱን መስኮት ቦታ እንኳ አያውቅም። ላይብረሪው በዚህ ጊዜ «ዜሮ፣ ዜሮ» ብሎ ቢመልስ ጌሙ መስኮቱ በላይኛው ግራ ጥግ ላይ እንደሆነ ያምናል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላው ሁሉ ይሳሳታል፤ የስህተቱ ምንጭ ግን የትም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጂኤልኤፍደብሊው 3.4 ይህ አገልግሎት በመድረኩ ላይ እንደሌለ የሚገልጽ የተለየ የስህተት መለያ አስገብቷል። በ2025 መጀመሪያ የተረጋጋ እትሙ የወጣው ኤስዲኤል 3 ደግሞ የመስኮት መጠን ለውጥን እንደ ጥያቄ ይቆጥረዋል፤ ጥያቄው ሊዘገይ ወይም ላይፈጸም ይችላል፤ ውጤቱን መጠበቅ የሚፈልግ ፕሮግራመርም ለዚሁ የተዘጋጀ ተግባር አለው። ሁለቱም እርማቶች ለፕሮግራመሩ ሥራ ይጨምራሉ፤ ነገር ግን እውነቱን ይነግሩታል።

በጌምፓድ በኩል ጉዳቱ በቀጥታ ተጫዋቹ ላይ ያርፋል። ብዙ ጌምፓዶች ለስርዓተ ክወናው የሚናገሩት «ቁልፍ 0 ተጫነ፤ ዘንግ 2 ተንቀሳቀሰ» የሚል ብቻ ነው። ቁልፉ በእጅ ላይ የት እንደሚገኝ የሚታወቀው የመሣሪያውን መለያ ከአቀማመጡ ጋር ከሚያዛምድ ሠንጠረዥ ነው። የኤስዲኤል ተጠቃሚዎች በጋራ የሚያጠናቅሩት እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አለ፤ ጂኤልኤፍደብሊውም ከ3.3 እትሙ ጀምሮ በዚያው ቅርጽ ይጠቀማል። ችግሩ የሚመጣው ርካሽና ስም የለሽ ጌምፓዶች ላይ ነው። የተለያየ አቀማመጥ ያላቸው መሣሪያዎች አንድ ዓይነት የአምራችና የምርት ቁጥር ይዘው ይወጣሉ፤ ለአንዱ ትክክል የሆነው መዝገብ ለሌላው ስህተት ይሆናል። ኤስዲኤል የመሣሪያውን ስም ማረጋገጫ ቁጥር በመለያው ውስጥ በማካተት ችግሩን አቃሎታል፤ ስማቸውም አንድ የሆኑትን መለየት ግን አሁንም አይቻልም። በእርግጠኝነት መለየት በማይቻልበት ቦታ ላይብረሪው ግምቱን እንደ እውነት ከማቅረብ ይልቅ ተጫዋቹ ራሱ የሚያስተካክልበትን በር ክፍት መተው አለበት። ያለዚያ ውድ ጌምፓድ ያለው ይጫወታል፤ ርካሹን የገዛው ግን መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል።

የቁልፍ ስያሜም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በኤክስቦክስ ጌምፓድ «ኤ» የተባለው ቁልፍ ከታች ነው፤ በኒንቴንዶ ላይ ግን በስተቀኝ ይገኛል። ኤስዲኤል 3 ቁልፎቹን ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ሰሜን ብሎ በመጥራቱ ቦታን ከጽሑፍ ለይቷል። ለውጡ የስም ብቻ ቢመስልም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ማቅረብን አስቀርቷል።

መስኮትና ጌምፓድ ተለያይተው ሊታረሙ እንደማይችሉም ማስተዋል ያስፈልጋል። የኪቦርድ ግቤት በወቅቱ ገቢር ወደሆነው መስኮት ይሄዳል፤ ጌምፓድ ግን በሊኑክስ ላይ እንደሚታየው በቀጥታ ከመሣሪያው ሊነበብ ስለሚችል መስኮት አያውቅም። ተጫዋቹ ወደ ሌላ መስኮት ሲሻገር የጌምፓዱ እንቅስቃሴ ይቀጥል ወይስ ይቁም? ኤስዲኤል፣ ፕሮግራመሩ ካልቀየረው በስተቀር፣ ይቆማል ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ሊደገፍም ሊነቀፍም ይችላል፤ ዋናው ቁም ነገር በሰነድ መገለጹና መቀየር መቻሉ ነው።

ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ ሁሉ ለፕሮግራመሩ ከተነገረ ላይብረሪው ምን ጠቀመ? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ መልሱ ግን የሚሸፈነውን ከማይሸፈነው በመለየት ላይ ይገኛል። መንገዱ ቢለያይም ውጤቱን አንድ ማድረግ ከተቻለ ልዩነቱ ይሸፈን፤ የቁልፍ መጫን መልእክት በዊንዶውስና በሊኑክስ በተለያየ መንገድ መምጣቱን ማንም ማወቅ አያስፈልገውም። ውጤቱን አንድ ማድረግ ካልተቻለ ግን ይነገር።

ይህ መለኪያ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ሥራ ያስቀምጣል። አንድ እርማት «በእኔ ኮምፒዩተር ላይ ሠርቷል» በሚል ብቻ ሊታመን አይገባም። የሊኑክስ ከርነል በሶፍትዌር ብቻ የሚፈጠር ምናባዊ ጌምፓድ እንዲኖር ያስችላል፤ የዌይላንድ ማሳያንም ያለ ስክሪን ማስነሣት ይቻላል። ስለዚህ ጉድለቱን የሚደግም ፈተና ከእርማቱ ጋር አብሮ ሊቀርብ ይችላል። በብዙ ጌሞች ሥር ባለ ላይብረሪ ውስጥ አንድን ጉድለት ለይቶ፣ ምክንያቱን አስረድቶና ማንም ሊደግመው በሚችል ፈተና አረጋግጦ ማለፍ ከጥገና በላይ ነው፤ የትምህርት ክፍሎችም እንደ ምርምር አስተዋፅኦ ሊመዝኑት ይገባል።