የስፒከር መግለጫ የማይናገረው

«የስፒከርን የድምፅ ጥራት ከአምራቹ መግለጫ ማወቅ ይቻላል» የሚለው አስተያየት ውሃ አያነሳም። «ከ40 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ የመዋዠቁ ወሰን በዴሲቤል ካልተገለጸ ከንቱ ነው፤ አንዱ በ3፣ ሌላው በ10 ዴሲቤል የሚዋዥቁ ሁለት ስፒከሮች ያንኑ መስመር ሊለጥፉ ይችላሉ። ዋቱ የሚነግረው ስፒከሩ የሚሸከመውን ኃይል እንጂ የድምፁን ማማር አይደለም። ሴንሲቲቪቲ (ስፒከሩ በተወሰነ ዋት የሚያወጣው የድምፅ መጠን) እና ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) አምፕሊፋየር ለመምረጥ ይጠቅማሉ፦ ሴንሲቲቪቲው በ3 ዴሲቤል ያነሰ ስፒከር እኩል ለመጮኽ እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ከዚያ አያልፉም።

ልኬት ግን ዋጋ ቢስ አይደለም። የድምፅ ተመራማሪው ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ጥናት፣ ማሚቶ በሌለው ክፍል ከየአቅጣጫው የተወሰደ ልኬት የአድማጮችን ምርጫ አጥጋቢ በሆነ መንገድ እንደሚተነብይ አሳይቷል። ብዙ አምራቾች ከመግለጫቸው የሚያስቀሩት ደግሞ የዚህኑ ልኬት ግራፍ ነው።