መስመሩ ሲቋረጥ ሰው ከመወንጀላችን በፊት ሽቦውን እንመርምር



ቀደም ባሉት ዓመታት ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ይቀርብ የነበረው አቤቱታ በአብዛኛው የአጥር፣ የቆሻሻና የውሃ ጉዳይ ነበር። አሁን ግን አንድ አዲስ ክርክር ተጨምሯል። ይኸውም በአንድ ግቢ የሚኖሩ አባወራዎች አንድ የኢንተርኔት መስመር በጋራ አስገብተው፣ የወሩን ሒሳብ ተከፋፍለው ሲጠቀሙ ከቆዩ በኋላ፣ መስመሩ በደከመ ወይም በተቋረጠ ቁጥር «አንተ ነህ የጨረስከው፣ አንቺ ነሽ የሳብሽው» እየተባባሉ የሚጣሉበት ነገር ነው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን በገባበት በ1989 ዓ.ም. ይህ በየቤቱ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ተማሪው የሚያጠናበት፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻ የሚያስገባበት፣ እናት ዐረብ አገር ካለች ልጇ ጋር ፊት ለፊት እየተያየች የምትነጋገርበት ሆኗል። ስለሆነም አንድን ሰው ከመስመሩ ማስወጣት ቀላል ቅጣት አይደለም።

በዚህ ጉዳይ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ብልሽቱ የት እንዳለ በተራ ሳይመረመር በማንም ጎረቤት ላይ አይፈረድ።

ይህን ለማለት ያነሣሣኝ በመንደራችን በአንደኛው ግቢ የደረሰው ነው። አምስት አባወራዎች በአንድ መስመር አራት ኮምፒዩተሮችና የየራሳቸውን ስልኮች ይጠቀማሉ። አንድ ሰሞን መስመሩ ያስቸግራቸው ጀመር። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ምንም አይከፍትም። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ሲያበሩት አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንድ ጊዜ እምቢ ይላል። ታዲያ ምን ተደረገ? በጓሮ ክፍል የተከራየ፣ ሌሊት ሌሊት መብራቱን አብርቶ የሚያጠና አንድ ልጅ አለ፤ «እሱ ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚስበው» ተባለ። ሳይጠየቅ የይለፍ ቃሉ ተቀየረበት። የወሩን ድርሻ የከፈለ ሰው ነው እኮ! ልጁ ከወጣ በኋላም ብልሽቱ እንደነበረው ቀጠለ፤ «በሌላ ዘዴ ገብቶ ነው» ተባለ እንጂ ሌላ ምክንያት የፈለገ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባለሙያ ተጠርቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ሲሞክር እውነቱ ወጣ። ከአባወራዎቹ አንዱ ምልክት ወደ ጓዳቸው እንዲደርስ ብለው ሁለተኛ ራውተር ገዝተው፣ ከዋናው ጋር በገመድ አያይዘውት ኖሯል።

ይህ ለምን ያበላሻል ለሚል እንደገባኝ ላስረዳ። ራውተር ማለት ለሚመጣው ኮምፒዩተርና ስልክ ሁሉ ቁጥር የሚያድል መዝገብ ያዥ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። ከቁጥሩም ጋር «ወደ ውጭ መውጫው በር ይኸኛው ነው» ብሎ ያመለክታል። በአንድ እድር ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎች ሳይነጋገሩ በሁለት መዝገብ ቁጥር ቢያድሉ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንዱን ቁጥር ለሁለት ሰው ይሰጣሉ። ይባስ ብሎ ሁለተኛው ራውተር የሚያመለክተው በር ወደ ራሱ ነው፤ ከእሱ በኩል ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር የለም። ስለዚህ ዕድል ቀንቶት ከዋናው ቁጥር የወሰደ ኮምፒዩተር ይሠራል፤ ከሁለተኛው የወሰደው ቆሞ ይቀራል። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት አንዳንድ ጊዜ የሚረዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ራውተር ቁጥር ማደሉን አቁሞ ምልክት ብቻ እንዲያስተላልፍ፣ የራሱም ቁጥር ከዋናው እንዲለይ ተደርጎ ሲስተካከል ነገሩ አበቃ። ልጁም ይቅርታ ተጠይቆ ተመለሰ፤ ዳሩ ግን በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሊያስገባው የነበረው የሥራ ማመልከቻ ቀኑ አልፎበታል። ያንን የሚመልስለት ይቅርታ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ለወደፊቱ መስመር ሲያስቸግር ምርመራው በሚከተለው ተራ እንዲሆን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ «የጠፋው ለአንድ ነው ወይስ ለሁሉ?» ተብሎ ይጠየቅ። ይህች ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ከጠፋ ብልሽቱ በዚያው ማሽን ወይም ወደ እሱ በሚሄደው ገመድ ነው፤ ጎረቤት አያገባውም። ለሁሉም ከጠፋ ግን ጉዳዩ ከዋናው ሞደም ወይም ከውጭው መስመር ነው፤ በየቤቱ እየዞሩ ማሽን መነካካት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ የሞደሙ መብራቶች ይታዩ። መስመሩ ፋይበር ከሆነ «ሎስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ቀይ ሆኖ ከበራ፣ ከውጭ የሚመጣው የብርሃን ምልክት አልደረሰም ማለት ነው። ፋይበር በውስጡ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ስለሆነ፣ ዕቃ ሲገፋ ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ እኛ አንጠግነውም፤ ለአገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ማመልከት ብቻ ነው። በስልክ ሽቦ የሚመጣ መስመር ከሆነ ደግሞ «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ረግቶ መብራት አለበት። በዝናብ ወራት ይህ ካልረጋ፣ ውሃ የገባበት የሽቦ መጋጠሚያ እንዳለ መጠርጠር ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ላፕቶፕ በአጭር ገመድ በቀጥታ ከሞደሙ ጋር ይያያዝና ይሞከር። በገመድ እየሠራ በዋይፋይ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የምልክቱ እንጂ የመስመሩ አይደለም። የዋይፋይ ምልክት በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል፤ የቆርቆሮ ግድግዳማ እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ስለዚህ ሞደሙን ከአልጋ ሥር ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ኋላ አስቀምጦ «ጓዳ አይደርሰኝም» ማለት ተገቢ አይደለም። ከፍ ካለና ለሁሉም አማካይ ከሆነ ቦታ ይቀመጥ። ከሁለቱ የዋይፋይ ዓይነቶች 2.4 የሚባለው ግድግዳ የማለፍ ጉልበት አለው፤ 5 የሚባለው ይፈጥናል፣ ነገር ግን ሩቅ አይሄድም። በ2.4 በኩል ደግሞ የጎረቤት ሁሉ ምልክት ስለሚደራረብ፣ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቁጥር መተላለፊያዎች ብዙ ሰው የሌለበትን መምረጥ ይረዳል።

አራተኛ፣ ወደየቤቱ የተዘረጋው ገመድ ይታይ። በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ያለ መከላከያ ያለፈ ገመድ ነፋስ ሲያወዛውዘው ይላጣል፤ አይጥም ይበላዋል። በውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ በሶኬቱ ጫፍ አንዷ በደንብ ካልተቆነጠጠች ሲነኩት የሚሠራ፣ ሲተዉት የሚጠፋ ይሆናል። እንዲሁም ይህ ዓይነቱ ገመድ በአንድ ወጥ ከ100 ሜትር በላይ እንዲዘረጋ አልተሠራም።

አምስተኛ፣ ለአንድ ማሽን ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ይታይ። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ከተገኘ፣ ከራውተሩ ምንም አልታደለም፤ ለራሱ ቁጥር ፈጥሮ የተቀመጠ ነው። ደግሞም ቀኑና ዓመቱ ይታይ። ያረጀ ኮምፒዩተር በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ ብዙ ገጾች «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፍቱለትም። መስመሩ ግን ደኅና ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ሞደምን ከሶኬት ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ መሰካት ምንም አይጎዳም። በኋላው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ መጫን ግን ሌላ ነው። እሷ በውስጡ የተሞላውን የመስመሩን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሁሉ ትደመስሳለች፤ ጭራሽ መሥሪያ ቤቱ ካልረዳን የማይከፈት ዕቃ ይዘን እንቀራለን። ልጆችም ይህን ይወቁ። መብራት ሲሄድም ሞደሙ ከሶኬት ይነቀል፤ መብራቱ ተመልሶ ሲረጋ ይሰካ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ብዙ ዕቃ ያቃጥላልና።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ብልሽት ካልተገኘና መስመሩ ዘገምተኛ ብቻ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ አጠቃቀም እንነጋገር። እዚህም በሒሳብ ይሁን። ውላችን በፍጥነት የተወሰነና የማያልቅ ከሆነ «ጨረስከው» የሚባል ነገር የለም፤ ወሩን ሙሉ ቢጠቀሙበት ሒሳቡ አይጨምርም። በጊጋባይት ተመዝኖ የሚገዛ ከሆነ ግን በእርግጥ ያልቃል። ስለዚህ ከመጣላት በፊት ውሉን አውጥቶ ማንበብ ነው፤ መስመሩን ከሌሎች ቤቶች ጋር መካፈል ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነም በዚያው ይታያል።

ለምሳሌ ፍጥነቱ 4 ሜጋቢት ነው እንበል። ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አይደሉም፤ 8 ቢት 1 ባይት ነው። ስለዚህ ይህ መስመር በሰኮንድ የሚያወርደው ቢበዛ ግማሽ ሜጋባይት ነው። 2 ጊጋባይት የሆነ ፊልም ለብቻው ቢወርድ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢስቡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ሜጋቢት ገደማ ነው። ከዚህም ሌላ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚስብ አለ። ኮምፒዩተር በራሱ ጊዜ ማሻሻያ ያወርዳል፤ ስልክም የተነሣውን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ወደ ሩቅ ማስቀመጫ ይልካል። የመላኪያው በኩል ሲጨናነቅ ማውረዱም አብሮ ይታነቃል። ስለዚህ «ሳቢ» ተብሎ የሚጠረጠረው ሌሊት የሚያጠናው ልጅ ሳይሆን፣ ቀን ሠርግ ውለው ሁለት መቶ ፎቶ ያነሡት የኛው ትልልቅ ሰዎች ስልክ ሊሆን ይችላል!

አንዳንድ ሰዎች «ለምን እያንዳንዱ የራሱን አያስገባም?» ይላሉ። ለቻለ መልካም ነው። ነገር ግን በኪራይ ቤት የሚኖረው፣ በጡረታ የሚተዳደረው፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እንዴት ትሁን? መካፈሉ የመጣው ከችግር ነው፤ ነውር የለበትም። ሌሎች ደግሞ «ይህ የተማሩ ወጣቶች ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። እኔ ራሴ ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ቢሆንም ቀይ መብራትን ከአረንጓዴ ለመለየት፣ ገመድ ለመንቀልና ለመሰካት፣ «ለሁሉም ነው ወይስ ለአንድ?» ብሎ ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

በመጨረሻም መስመር በጋራ የምትጠቀሙ ግቢዎች ሁሉ አራት ነገር እንድትስማሙ አሳስባለሁ። አንድ፣ የይለፍ ቃሉንና ውሉን የሚይዝ አንድ ኃላፊ ይመረጥ። ሁለት፣ ማንም አዲስ ራውተር ወይም ማከፋፈያ ሲያስገባ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ብልሽት የደረሰበት ቀን፣ የታየው መብራትና የተደረገውም በአንድ ደብተር ይጻፍ። ሦስት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ፊልምና ትልልቅ ነገር ማውረድ ይቅር፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን የፈለገ ያውርድ፣ ማንም አይክሰሰው። አራት፣ ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ ሁለት ሰዎች ባሉበት ሳይፈጸምና የሚከሰሰው ሰው ሳይሰማ፣ ማንም ከመስመሩ አይቆረጥ። ድርሻውን የከፈለ ጎረቤት መብቱ ነውና።

የተበላሸ ገመድ በጥቂት ብር ይገዛል። የተቀየመ ጎረቤት ግን ከሱቅ አይገዛም።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ